የእንስሳት ዓይን በሌሊት ለምን ያበራል? በሕፃናት ፎቶግራፍ ላይ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅስ?

በዋግ ኽምራ፣ ደሃና ወረዳ፣ በአምደወርቅና በአካባቢዋ ቀበሌዎች ሌሊት የእጅ ባትሪውን ወደ ፍየሎቹ በረት ያበራ ሰው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያበሩ አረንጓዴና ቢጫ ነጥቦችን ያያል። የጅብም መኖር ከሩቅ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ብርሃኑ ከእንስሳው የሚወጣ ቢመስልም ዓይን በራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ባትሪው ሲጠፋ ነጸብራቁም አብሮ ይጠፋል።

ወደ ዓይን የሚገባ ብርሃን በብሌን አልፎ ሬቲና በተባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ ያርፋል። በፍየል፣ በበግ፣ በከብት፣ በአህያ፣ በውሻ፣ በድመትና በጅብ ዓይን ከሬቲናው በስተጀርባ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሌላ ንብርብር አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ታፔተም ሉሲደም ይባላል። ይህ ንብርብር ሬቲናው ሳይቀበለው ያለፈውን ብርሃን መልሶ ስለሚልክለት እንስሳው በደብዛዛ ብርሃን የተሻለ ያያል። ከዚያም የተረፈው በብሌኑ በኩል ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ባትሪውን ከዓይኑ አጠገብ የያዘ ሰው ነጸብራቁን ከሌላው አጉልቶ የሚያየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው፣ ጭላዳ ዝንጀሮና አሳማ ይህ ንብርብር የላቸውም። ሰው በፍላሽ ሲነሳ ብሌኑ ቀይ ሆኖ የሚታየው ብርሃኑ ከዓይን ጀርባ ካለው በደም ሥር ከተሞላ ክፍል ስለሚመለስ ነው። ቀዩ ነጸብራቅ ሕመም አይደለም።

ነጩ ግን ሊናቅ አይገባም። የሕፃን ብሌን በፎቶግራፍ ወይም በደብዛዛ ብርሃን ነጭ ወይም ቢጫማ ሆኖ ከታየ፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የተባለ የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ በአብዛኛው የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ነው። ቀደምት ሐኪሞች ምልክቱን ከድመት ዓይን ጋር ማመሳሰላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማውና ደኅና መስሎ ስለሚጫወት፣ ነገሩን ቀድመው የሚያስተውሉት እናቶች ናቸው። ሌላው ምልክት የዓይን መንሸዋረር ነው። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት የሕፃኑን ሕይወት፣ ብዙ ጊዜም ዓይኑን ማትረፍ ይቻላል፤ ከዘገየ ግን ወደ አንጎልና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊዛመት ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ሕፃኑ ወደ ጎን ሲመለከት የተነሳ ጤናማ ዓይንም አንዳንዴ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ይህን መለየት ግን የጤና ባለሙያ ሥራ በመሆኑ ወላጆች ሌላ ፎቶ እስኪነሳ መጠበቅ፣ ወይም ዓይኑ ላይ የባሕል መድኃኒት ማድረግ የለባቸውም። ፎቶግራፉን ከስልኩ ሳያጠፉ ሕፃኑን በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ ፎቶውንም ለባለሙያው ያሳዩ። እንደ አስፈላጊነቱ ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም የዓይን ስፔሻሊስት ወዳለበት እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳለ ተቋም የሪፈር ወረቀት ይጻፍላቸዋል። በሽታው በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ሬቲኖብላስቶማ የተገኘበት ሕፃን ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ምልክት ባይታይባቸውም መመርመር ይኖርባቸዋል።