ሰማይ የታረሰበት ቀን

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለብዙ ዘመን ጸንቶ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ሐምሌ 4 ቀን 1971 ዓ.ም. የተሰማውን የዓለም ወሬ መለስ ብለን ስንመለከተው፣ የዚህ ምሳሌ ሁለቱም ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ የተነቃነቁ ይመስለናል። ዓመቱ በፈረንጆች አቈጣጠር 1979 ስለ ነበረ፣ በኛም በነሱም ቀመር ከሰባዎቹ ወገን ነው፤ ሁለቱ አቈጣጠሮች በዚህ እንኳ ሳይከራከሩ ተስማምተዋል።

የዕለቱ ወሬ ባለቤት ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ቤተ ሙከራ ነበር። ይህ 77 ቶን ያህል የሚመዝን ቤት ወደ ሰማይ የተላከው ግንቦት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። ገና ሲወጣ ከፀሐይ ሐሩር የሚከላከልለት ልባስ ተገንጥሎ ስለ ወደቀ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እንግዶች እንደ ደረሱ ካከናወኑአቸው ሥራዎች አንዱ ጃንጥላ የመሰለ መጋረጃ መዘርጋት ሆነ። ያን ሁሉ ገንዘብና ጥበብ የፈጀ ቤት በጃንጥላ ጥላ ሥር መኖሩ የሚያስቅ ቢሆንም፣ ሥራው ግን የሚናቅ አልነበረም። ዘጠኝ ሰዎች በሦስት ተራ ለ28፣ ለ59 እና ለ84 ቀናት ተቀምጠው ፀሐይንና የሰውን አካል ጠባይ መረመሩ። የመጨረሻዎቹም የካቲት 1 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ ምድር ተመለሱ፤ ቤቱም ያለ ዘበኛ ቀረ።

ሊቃውንቱ አዲሱ የጠፈር መንኰራኵር ተሠርቶ ቤቱን ወደ ላይ እስኪገፋው ድረስ ይቈያል ብለው ነበር። ዳሩ ግን መንኰራኵሩ ዘገየ፤ ፀሐይም ከተገመተው በላይ በረታች። ሙቀትዋ የላይኛውን አየር ስላሰፋው፣ አየሩ ቤቱን እያሻሸ ወደ ታች ጐተተው። ስካይላብ ሲመረምራት በኖረችው በፀሐይ እጅ መሸነፉ ነው።

ቤቱ የሚዞረው ከምድር ወገብ በስተሰሜንም በስተደቡብም እስከ 50 ዲግሪ ባለው አገር ሁሉ ላይ ስለ ነበረ፣ አገራችን ኢትዮጵያም ከመንገዱ ሥር ነበረች። ከስብርባሪው የተነሣ በምድር ላይ አንድ ሰው የመመታቱ ዕድል ከ152 አንድ ነው ተብሎ ተነገረ። በቍጥር ለለመደ ሰው ይህ ማጽናኛ ነበር፤ ለሌላው ግን ያ አንዱ ማን እንደ ሆነ አለመታወቁ እንቅልፍ የሚነሣ ነገር ነው። ፍርሀቱም ከንቱ አልነበረም፤ ጥር 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ኮስሞስ 954 የተባለው የሶቪየት ሳተላይት የአቶም ኃይል ማመንጫውን እንደ ተሸከመ በካናዳ ምድር ላይ ተበታትኖ ነበርና። ስለዚህ በህንድ ፖሊሶች ተጠንቅቀው እንዲጠብቁ ታዘዙ፤ በፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ማርቆስ በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝቡን አረጋጉ። በአሜሪካ ግን ነጋዴው በሥዕል ያጌጠ ካናቴራ ይሸጥ ነበር።

በመጨረሻው ዙር ተቈጣጣሪዎቹ ቤቱ እየተገለባበጠ ሄዶ ውቅያኖስ ላይ እንዲወድቅ ትእዛዝ ሰጡ። ቤቱ ግን ከታሰበው ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ዘግይቶ ስለ ተሰበረ፣ ከፊሉ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በኤስፐራንስ ከተማ አካባቢ አረፈ። ሰዓቱ በዋሽንግተን ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ37 ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ37፣ በፐርዝ ግን ሐሙስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ37 ነበር። ስለዚህ ስካይላብ ረቡዕ ወደቀ የሚልና ሐሙስ ወደቀ የሚል ቢከራከሩ፣ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ወሬ ግን አንድም ሰው አለመጐዳቱ ነው።

የሳን ፍራንሲስኮው «ኤግዛሚነር» ጋዜጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ስብርባሪ ለሚያመጣለት ሰው 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ነበር። አንድ የ17 ዓመት የኤስፐራንስ ልጅ ከቤቱ ግቢ የለቀመውን ጥቍር ቅሪት ይዞ በአውሮፕላን ገሠገሠና ሽልማቱን ወሰደ። የኤስፐራንስ አስተዳደር ደግሞ፣ ቈሻሻ መጣል ክልክል ነው በሚለው ደንብ መሠረት፣ የአሜሪካን የጠፈር መሥሪያ ቤት 400 ዶላር ቀጣ። ቅጣቱ ለቀልድ የተጻፈ ቢሆንም ሠላሳ ዓመት ሳይከፈል ቈየ፤ በ2001 ዓ.ም. የከፈለውም ባለዕዳው ሳይሆን፣ ከአድማጮቹ ገንዘብ ያዋጣ አንድ የካሊፎርኒያ የራዲዮ አሰናጅ ነበር።

ሆኖም ከዚህ ሣቅ በስተጀርባ ከባድ ጥያቄ አለ። ከሥር የነበረውን ሕዝብ፣ ቤቱ ሲወጣም ሆነ ሲወርድ፣ ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. ለፊርማ የቀረበው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከጠፈር የወደቀ ነገር በምድር ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ያመጠቀው መንግሥት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሶቪየት ኅብረትም በካናዳ ለደረሰው ነገር በ1973 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። ሚር የተባለው ታላቅ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ መጋቢት 14 ቀን 1993 ዓ.ም. ሰው ወደሌለበት ወደ ደቡብ ፓስፊክ በሥርዓት እንዲወርድ ተደርጓል። መሰላል የሚያቆም ሰው መውረጃውን ከመውጣቱ በፊት ማሰብ እንዳለበት ማለት ነው።

እነሆ ሰማይ ታረሰ፤ ኃያሉም ተከሰሰ። ተቀጪው አልከፈለም እንጂ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ የታላቁን መንግሥት ስም በቅጣት ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታለች፤ የአባቶቻችን ምሳሌም ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቂት እርማት የሚያስፈልገው ይመስለናል።