ሴት በመጽሔት ሽፋን ላይ፤ ከአምባሰል እስከ ሲሪንቃ

የመጽሔት ሽፋን ሴትን እንዴት አድርጎ እንዳቀረበ መመርመር የጋዜጠኞች ፈንታ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የግብርና ባለሙያዎች በየዓመቱ በምናሳትማቸው ጽሑፎች ሽፋን ላይ ገበሬዋን ደጋግመን ስለምናወጣ፣ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል።

ታሪኩን ከሲሪንቃ እምብዛም ከማይርቅ አገር መጀመር ይቻላል። ከሀብሩ ጋር በሚዋሰነው በአምባሰል በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት የጃንጥራር አስፋው ልጅ መነን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ይታተም የነበረው «መነን» መጽሔትም የተጠራው በስማቸው ነው። ስለዚህም የአንዲት የወሎ ተወላጅ ስም በሽፋኑ ላይ በየእትሙ ይነበብ ነበር። ነገር ግን ይህ ክብር የዙፋን ክብር ነው፤ ለባላገሯ ሴት የተረፈ አልነበረም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ «የካቲት» የተባለ መጽሔት ታየ፤ ስያሜው የወር ስም እንጂ የሰው ስም አይደለም። በዚያ ዘመን የኅትመት ሥዕሎች ሴቲቱ ጠመንጃ፣ ማጭድ ወይም መጽሐፍ ይዛ ከወንዱ ጎን ቆመች። ከጓዳ ወደ አደባባይ መውጣቷ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ሆኖም የቆመችው ስለ መደቧ እንጂ ስለ ራሷ አልነበረም፤ «ጭቁኗ ሴት» ተባለች እንጂ በስሟ አልተጠራችም።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን በመታ ጊዜ ደግሞ ሌላ ምስል መጣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የቢቢሲ ቴሌቪዥን የኮረምን ሰቆቃ ለዓለም ካሳየ በኋላ፣ ሕፃኗን ያቀፈችው የተራበች እናት በውጭ አገር መጽሔቶችና በርዳታ ድርጅቶች ኅትመቶች ላይ ተመላለሰች። ምስሉ ርኅራኄን ቀስቅሷል፤ እጅም አስዘርግቷል፤ ይህ አይካድም። ዳሩ ግን ያቺ እናት ከረኃቡ በፊት ምን ትዘራ እንደነበረና ዘሯን በምን ዘዴ ትመርጥ እንደነበረ ሽፋኑ አይናገርም።

በአንጻሩ አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ በ1994 ዓ.ም. በፈረንሳዩ «ቮግ» ሽፋን ላይ ወጣች፤ የግንቦቱ እትም በሙሉ ለእርሷ የተሰጠ ነበር። ስሟም ከመልኳ ጋር ታወቀ። ለመሆኑ ስም ከፊት ጋር አብሮ የሚሄደው ለእቴጌና ለሞዴል ብቻ ነውን?

እዚህ ላይ ወደ ገዛ ቤታችን እንመለስ። ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ግራና-1» ይባላል፤ ግራናም የሀብሩ አገር ናት። ዝርያው ስም አለው፣ ቁጥርም አለው። በኅትመቶቻችን ሽፋን ላይ እሸቱን ይዛ ፈገግ የምትለው ሴት ግን «አርሶ አደር» ተብላ ትታለፋለች። አረሙን የምታርም፣ እህሉን ጎተራ የምታገባ፣ ለከርሞ የሚሆነውን ዘር ለይታ የምታስቀምጥ እርሷ ሆና ሳለ፣ ዕውቀቷ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪ ያንን ዕውቀት ፈልጎ ቢመጣ ማንን ይጠይቃል?

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ከእንግዲህ ፎቶግራፍ ከማንሣታችን በፊት ፈቃዷን እንጠይቅ፤ ከፈቀደችም ስሟን፣ ቀበሌዋንና የሠራችውን ሥራ ከምስሉ ግርጌ እንጻፍ። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት ለእቴጌ ብቻ አይደለምና።