«አዝማሪ» ስድብ ነው እንዴ? የአስናቀች ወርቁ ታሪክ

ዛሬ የማዳም ነገር አላወራችሁም፤ ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ባለፈው እሁድ እዚሁ ሲን ኤል ፊል፣ ውጪ የምትሠራ ጓደኛችን ክፍል ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ነበር። ኮንትራት ቤት ያለች፣ ሳምንቱን ሙሉ ድምጿ ሳይሰማ የምትውል አንዲት ልጅ ሁለተኛው ቡና ላይ መዝፈን ጀመረች። ስለ ወንድ ነው የዘፈነችው፤ ናፍቆቱንም፣ ገላውንም፣ ሌሊቱንም ሳትደብቅ። ግማሾቻችን አጨበጨብን። አንዷ ግን ፊቷን አጨፍግጋ «ምነው፣ አዝማሪ ሆንሽ እንዴ?» አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ይኸው ሲቆጨኝ ከረመ፤ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን ዛሬ ልጻፈው።

አስናቀች ወርቁን ስንቶቻችን እናውቃታለን? የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ተዋናይም፣ ድምፃዊም፣ ክራር ተጫዋችም። እሷ በተነሳችበት ዘመን ሴት ልጅ ቴአትር መሥራት ነውር ነበር። የሴት ቦታ ሲኖር ወንዱ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ይጫወተው ነበር። አስናቀች ይህን ከሰበሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው፣ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች። ያኔ መድረክ ላይ የወጣች ሴት የሚሰጣት ስም አንድ ነበር፦ ሴተኛ አዳሪ። ተመልካቹ አጨብጭቦ ይወጣና ደጅ ላይ ይሰድባታል።

ክራሩም የራሱ ስም ነበረው። በገና የጸሎት ነው፤ ክራር ግን የፍቅርና የመጠጥ ቤት ዕቃ ነው ተብሎ «የሰይጣን መሣሪያ» እስከመባል ደርሷል። እሷ ያንኑ ክራር አንስታ ስለ ራሷ ልብ ዘፈነችበት። ስትወድ ወደድኩ፣ ስትቀየም ተቀየምኩ፣ ስትሰለች ሂድልኝ አለች። ግጥሙን እዚያው በቦታው ትፈጥረዋለች፤ ነገር የወረወረባትን ሰው በሰምና ወርቅ መልሳ አፉን ታስይዘዋለች። ከሷ በፊት በዘፈን ውስጥ ሴት ብዙ ጊዜ የምትታየው ከወንዱ ዓይን ነበር፤ ዓይኗ፣ ወገቧ፣ ጥርሷ። አስናቀች ግን ራሷ አየች፣ ራሷ መረጠች።

ደግሞ ይሄ ነገር ከሷ የጀመረ እንዳይመስላችሁ። ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችን ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈጩ ያንጎራጉሩ የለ? ባል የበደላት፣ አማት ያስመረረቻት፣ የልቧ ሰው የቀረባት፣ ሁሉም በእንጉርጉሮ ይወጣ ነበር። በአፍ የማይነገረው በዜማ ይነገራል። ልዩነቱ የእናቶቻችን ጓዳ ውስጥ ቀረ፣ የአስናቀች አደባባይ ወጣ።

በሌላውም ዓለም ያው ነው። ጃፓን ውስጥ ራፕ የወንድ ነው ሲባል ኖሯል። ግን አዊች የምትባል የኦኪናዋ ልጅ አለች። ባሏ አሜሪካ ውስጥ በጥይት የተገደለባት፣ ሴት ልጅ የምታሳድግ እናት ናት። ስለ ሐዘኗም፣ ስለ ልጇም፣ ስለ ሴትነት ፍላጎቷም በዚያው አፏ ትናገራለች። እናት ነሽና ሌላውን ተይው አላስባለችም። በ2022 በፈረንጅ አቆጣጠር ቶኪዮ ውስጥ በታላቁ ቡዶካን አዳራሽ የራሷን ዝግጅት አቀረበች።

የአስናቀች መንገድ ግን እንዲህ ቀና ብሎ አልቀጠለም። በደርግ ጊዜ የሰዓት እላፊ መጣና የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። ዘመኑ ተለወጠ፣ እሷም እያረጀች፣ ጤናዋም እየደከመ ሄደ። በ2003 በፈረንጅ «ኢትዮጲክስ» የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቁጥሩን ለእሷ ሰጠ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ስለ ሕይወቷ ራሄል ሳሙኤል የሠራችው ፊልም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት ባለጌ ያሏት፣ ዛሬ ቅርሳችን ይሏታል።

አሁን ወደዚያች እሁድ ልመለስ። «አዝማሪ» ያለችውን እህቴንም አልፈርድባትም፤ የፈራችውን አውቃለሁ። እዚህ ቤሩት መንገድ ስንሄድ መኪና አቁሞ «ስንት?» የሚለን አለ። እኛው ስለ ገላ ከዘፈንን ለነሱ በር የምንከፍት መስሏት ይሆናል። ደግሞ ወሬው ሀገር ቤት ቢደርስስ? ፍርሃቷ እውነት ነው።

ግን እህቶቼ፣ ያ «ስንት?» የሚል ሰው ዘፈናችንን ሰምቶ አይደለም የመጣው። ዝም ብንልም ይመጣል። በከፋላ የመኖሪያ ወረቀታችን በአንድ አሠሪ ስም ታስሯል። መቼ እንደምንወጣ፣ ከማን ጋር እንደምናወራ ሌላ ሰው ይወስንልናል፤ «ሀቢብ አለሽ?» ተብለን እንደ ወንጀለኛ እንጠየቃለን። ስለ ገላችን ሁሉም ሲያወራ፣ ባለቤቷ ስትናገር ብቻ ነው ነውር የሚሆነው? ሁላችሁም እንዲህ ዝፈኑ ማለቴ አይደለም። የማይመቻት አትዝፈን። የዘፈነችውን ግን እኛው ዝም አናሰኛት፤ ዝም የሚያሰኘን መቼ አጣን?

የዚህ እሁድ ቡና እኔ ጋ ነው። ያቺን ልጅ ጠርቻታለሁ፤ ያቺኛዋንም እህቴን ጠርቻታለሁ። የአስናቀችን ክራር ከፍተን አብረን እንሰማለን።

እናንተስ፣ እናታችሁ ወይ አያታችሁ ወፍጮ ላይ ምን ያንጎራጉሩ ነበር? የምታስታውሱትን ጻፉልኝ። ክፉ አይንካችሁ፣ በሰላም ለሀገራችን ያብቃን።