ለራስ ዋጋ መስጠት ምን ማለት ነው?

ለራስ ዋጋ መስጠት ማለት ሰው በመሆንዎ ብቻ ክብርና እንክብካቤ እንደሚገባዎት ማመን ነው። በራስ መተማመን ከዚህ ይለያል። እሱ «ይህን ሥራ እችላለሁ» የሚል እምነት ስለሆነ በአንዱ ነገር ሊኖር፣ በሌላው ሊጎድል ይችላል። እንደ ሰው ያለዎት ዋጋ ግን ከገቢዎ ወይም ከጤናዎ ጋር አብሮ አይወርድም።

ይህ ልዩነት በሕመም ጊዜ ትልቅ ትርጉም አለው። ስትሮክ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሥራ ያስቀራቸው ታካሚዎች ብዙ ጊዜ «ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ» ይሉኛል። «በእኔ ላይ ገንዘብ አታባክኑ» ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ። ኢንሱሊን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ምልክቶቹ
• ራስን ዘወትር መውቀስና «አልረባም» ማለት
• እርዳታ ለመጠየቅ ማፈር
• ከዘመድና ከጎረቤት መራቅ
• ምግብን፣ ንጽሕናን ወይም የሐኪም ቀጠሮን ችላ ማለት

ምን ማድረግ ይችላሉ?
• ለራስዎ የሚናገሩትን ቃል ለታመመ ወንድምዎ ይሉት እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። የማይሉት ከሆነ ለራስዎም አይበሉት።
• አቅምዎ የሚፈቅደውን ትንሽ ሥራ በየቀኑ ይሥሩ፤ ልጅ ማስጠናት ወይም አትክልት ማጠጣት ይበቃል።
• የሚሰማዎትን ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ።

ለቤተሰብ
ስለ ሕክምና ወጪ በታማሚው ፊት አያማርሩ። በቤት ጉዳይ ሐሳቡን ይጠይቁት። ራሱ ማድረግ የሚችለውን፣ ጊዜ ቢወስድበትም፣ አይንጠቁት።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?
ዋጋ ቢስነት መሰማት የድብርት ሕመም አንዱ ምልክት ነው። ይህ ስሜት ከሐዘን፣ ከእንቅልፍ መዛባት ወይም ቀድሞ በሚወዱት ነገር ደስታ ከማጣት ጋር ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ይመርመሩ። ድብርት የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም፤ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚፈጅ ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ።

ሞትን መመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ቤተሰብም ታማሚውን ብቻውን አይተው፤ መድኃኒቶችንና ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከአጠገቡ ያርቅ።