ግሮሰሪ

ግሮሰሪ ሠራተኛው ከሥራ መልስ፣ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ጎራ የሚልበት አነስተኛ የሰፈር መጠጥ ቤት ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የተለመደ ነው። አንድ ክፍል፣ ባንኮኒ፣ ጥቂት ዱካና የቢራ ሳጥን ይበቁታል።

ባዶ ጠርሙስ ከጠረጴዛው ቶሎ አይነሳም፤ ሒሳብ ሲጠየቅ አስተናጋጇ እሱን ቆጥራ ትናገራለች። ያኔ «እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚለው ግብግብ ይጀመራል። አንዱ ብሩን ሲያወጣ ሌላው እጁን ይይዘዋል። ደመወዝ ያልደረሰለት ደንበኛ በዱቤ ይጠጣል። የግሮሰሪ ትልቁ ሀብት ይህ መተማመን ነው፤ በትልልቅ ሆቴሎች አይገኝም።

ሰበታ ግሮሰሪው በሚሸጠው ቢራ ታሪክ የተለየ ቦታ አላት። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው እዚያ ነው። መንግሥት በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ሸጦት፣ በ2022 ወደ ቢጂአይ ኢትዮጵያ ዞሯል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። በየሰፈሩ ሊከበር የሚገባው ሕግ ነው።

ብዙዎቹ ግሮሰሪዎች ከሥጋ ቤት አጠገብ ስለሚከፈቱ ጥብሱ ከዚያ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ ግን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ለቢራው ቆሎና ለውዝ ይቀርባል።