ከቤቱ ጣሪያ 67 ጫማ በላይ

በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከግሪንስቦሮ ከተማ አቅራቢያ፣ ኮዝቢ የተባሉ ባልና ሚስት 2.8 ኤከር በምትሆን መሬት ላይ ዶሮ ያረቡ ነበር። ከመኖሪያቸው 700 ሜትር ያህል ርቆ የአንድ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1942 የአሜሪካ መንግሥት ማረፊያውን ለጦር አውሮፕላኖች መጠቀም ጀመረ። የኪራይ ውሉ እየታደሰ እስከ 1967 ሊዘልቅ ይችል ነበር።

መዝገቡ ከስሜት ይልቅ በልኬት የተሞላ ነው። ለማረፍ የሚያዘቀዝቅ አውሮፕላን በቦታው ላይ የሚያልፈው በ83 ጫማ፣ ማለትም በ25 ሜትር ከፍታ ነበር። ይህም ከቤቱ ጣሪያ 67፣ ከጎተራው 63፣ ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ ደግሞ 18 ጫማ ብቻ ማለት ነው። እርግጥ በነፋሱ አቅጣጫ ምክንያት በዚያ በኩል የሚነሡት ከመቶ 4፣ የሚያርፉት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ሲመጡ ግን ባለአራት ሞተር ቦምብ ጣዮችና ተዋጊዎች ተከታትለው ነው፤ ሌሊት መብራታቸው ግቢውን ቀን ያስመስለዋል። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ይላተማሉ። በአንድ ቀን ከ6 እስከ 10 የሞቱበት ጊዜ ነበር፤ በድምሩ 150 ያህል አለቁ። ቤተሰቡም እንቅልፍ አጣ፤ በመጨረሻ ዶሮ እርባታውን ተወው።

የካሳ ክስ የሚያየው ፍርድ ቤት መንግሥት 2,000 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። መንግሥት ግን ይግባኝ አለ፤ ሰማዩ በሕግ ለሕዝብ በረራ የተከፈተ ነው፣ ባለመሬቱ ባልሠራበት አየር ላይ ባለቤትነት የለውም የሚል ነበር ክርክሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 27 ቀን 1946 የፈረደው በ5 ለ2 ነው። ዋና ዳኛው ስቶን ከአንድ ወር በፊት ዐርፈዋል፤ ዳኛ ጃክሰን ደግሞ በኑረምበርጉ የጦር ወንጀል ችሎት ሥራ ላይ ስለነበሩ አልተሳተፉም።

ዳኛ ዳግላስ በጻፉት ፍርድ፣ የመሬት ባለቤትነት እስከ ሰማይ ጥግ ይደርሳል የሚለውን የቆየ ደንብ ውድቅ አደረጉ፤ ያለዚያ በአገር ላይ የሚያልፍ እያንዳንዱ በረራ ክስ ይጠራ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ክፍል ብቻ መሆኑ ፍርዱን ያዛባዋል። የረቱት ባለመሬቶቹ ናቸውና። ባለቤቱ መሬቱን ለመጠቀም የሚያስፈልገው የቅርብ አየር የእሱ ነው፤ በረራው እጅግ ዝቅ ብሎና ተደጋግሞ መሬቱን በቀጥታ ከጎዳ መንግሥት ንብረት እንደወሰደ ይቆጠራል፣ አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ካሳ ያዛል። 83 ጫማም ሕጉ ለበረራ ከፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች ነበር። ዳኛ ብላክ በልዩነት ሐሳባቸው፣ የአየር ጉዳይ ለምክር ቤቱ ይተው፣ በሕገ መንግሥት አይታሰር ብለው ተከራከሩ።

ገንዘቡ ግን ወዲያው አልተከፈለም። የሥር ፍርድ ቤት የበረራውን ከፍታ፣ ድግግሞሽና የአውሮፕላኑን ዓይነት ለይቶ ስላላስቀመጠ፣ መንግሥት ምን እንደወሰደ፣ ለዘለቄታውም ይሁን ለጊዜው፣ አልታወቀም ተብሎ መዝገቡ ተመለሰ።

ማረፊያው የግል ጎረቤት ቢሆን አምስተኛው ማሻሻያ አይሠራም፤ መንገዱ የሁከት ክስ ነው። በኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ አቅራቢያ፣ አንድ ኩባንያ ከሰው ርስት ጎን ማረፊያ ሲያቋቁም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1932 ያገደው በዚሁ ምክንያት ነው።

የ1958ቱ የአቪየሽን ሕግ ለመነሣትና ለማረፍ የሚያስፈልገውን አየርም በተፈቀደው የበረራ ክልል ውስጥ አስገባ። ቢሆንም በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፒትስበርግ አካባቢ በዝቅተኛ በረራ ምክንያት በቤቱ መኖር ለተቸገረ ባለቤት ካሳ ይገባዋል አለ፤ ከፋዩም ማረፊያውን ያቋቋመው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ብላክ በዚህም ተለዩ፤ አሁን ክርክራቸው ካሳ አይገባም የሚል ሳይሆን፣ መክፈል ያለበት የፌዴራሉ መንግሥት ነው የሚል ነበር።