ከሐረር ሽቦ እስከ ለቡ መብራት ኃይል

አንድ ሰው አድራሻውን ሲጠየቅ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ መብራት ኃይል» ብሎ ቢመልስ፣ ሳያስበው የሁለት ሙያዎችን ስም በአንድ ትንፋሽ ጠርቷል። «ንፋስ ስልክ» አባቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር ለሚጓዘው መልእክት ያወጡት ስም ነው፤ «መብራት ኃይል» ደግሞ ሕዝቡ የኤሌክትሪኩን ድርጅት ሲጠራበት የኖረው ስም ነው። ዛሬ ይህ ሠፈር የሚገኝበት የከተማው ደቡባዊ ክፍል በፎቅ ቤቶች ተሞልቷል፤ በለቡም በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። እነዚህ ሁለት ስሞች በአንድ አድራሻ ላይ መገጣጠማቸው በአጋጣሚ ቢሆንም፣ ስለ አገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ለሚያስብ መሐንዲስ ግን ጥሩ መነሻ ይሆኑታል።

ይህ ጽሑፍ ሊያስረዳ የሚሞክረው አንድ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ለአዲስ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ዘግይታ አልተገኘችም። የዘገየው መሣሪያው ከጣቢያው ተነሥቶ እስከ ተራው ሰው እጅ ድረስ የሚሄድበት የመጨረሻው ርቀት ነው። ስለሆነም ማሻሻያ የተባለ ሁሉ መመዘን የሚገባው በድርጅቱ አዲስ ስም ሳይሆን በመስመሩ መጨረሻ ላይ ባመጣው ለውጥ ነው። ዘመኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆኑ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አላቸው።

ግራሃም ቤል የስልክን ፈጠራ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ ተጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ የመጀመሪያዎቹን የስልክ መሣሪያዎች ከኢጣሊያ ይዘው የመጡት፣ በኋላ ራስ የተባሉት መኮንን ናቸው። ከካህናቱ አንዳንዶቹ የማይታይ ሰው ድምፅ መስማት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙና ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሐሳባቸው እንደ ጸኑ በታሪክ ተጽፏል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ሥራ መድፈር ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ያ ሽቦ የተዘረጋው ለማን ነበር? ቤተ መንግሥቱ የጠረፍ ገዢዎቹን እንዲሰማና እንዲያዝዝ ነው። ስልክ የመንግሥት ጆሮና አፍ ሆኖ ጀመረ፤ ገበሬው ሽቦው በማሳው ላይ ሲያልፍ ያየው ነበር እንጂ አልተናገረበትም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ማሻሻያ የመጣው ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ነው። በጦርነቱ የተጐዳውን መስመር ለመጠገንና ለማስፋፋት የዓለም ባንክ በየካቲት 1943 ዓ.ም. 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ይህም ባንኩ ለአገራችን ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነበር። ቀጥሎም የቴሌኮሙኒኬሽኑ ሥራ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተለይቶ፣ የራሱ ሒሳብና አስተዳደር ላለው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተሰጠ፤ ቦርዱም በ1945 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የለውጡ ምሥጢር በገንዘቡ አያያዝ ላይ ነበር። ከደንበኛ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገብቶ ከመቅረት ይልቅ ተመልሶ ለማዞሪያ ጣቢያና ለስልክ እንጨት የሚውልበት መንገድ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ድርጅት መስመሩን የሚዘረጋው ከፋይ ወዳለበት ነው፤ ስለዚህ ስልኩ የከተማ፣ ከከተማውም የመሥሪያ ቤትና የባለጸጋ ሆነ። የክፍለ ሀገሩ ሰው ግን ቴሌ ድረስ ሄዶ ተራ ይይዝና፣ ስሙ እስኪጠራ በአግዳሚው ወንበር ላይ ይጠብቅ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ ቦርዱ ስሙን ሲለዋውጥ ቆይቶ በ1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተባለ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ የሱሉልታው የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሥራ ጀምሮ ስለ ነበር አገሪቱ ከሩቁ ዓለም ጋር በቀጥታ መነጋገር ችላ ነበር። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ተቃርኖ አለ። ከሱሉልታ ወደ ሰማይ የተላከ ድምፅ ውቅያኖስ አቋርጦ ለመድረስ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲበቃው፣ በዚያው በአዲስ አበባ አንድ ቤት ስልክ ለማስገባት የሚያመለክት ሰው ግን ለዓመታት ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ማሻሻያ ከኢንተርኔት ጋር የመጣው ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል፣ በተራ የስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር እየደወለ ደብዳቤዎችን የሚያስተላልፍ የኤሌክትሮኒክ ፖስታ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ተመራማሪዎችና የእርዳታ ድርጅቶች በዚህ ሲገለገሉ፣ ኢንተርኔት ወደ አገር እንዲገባ የሚወተውቱ ባለሙያዎችም በበጎ ፈቃድ ተሰባስበው ሐሳብ አቀረቡ። በኅዳር 1989 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 49/1989 ደግሞ ተቆጣጣሪ የሆነ ኤጀንሲ ተቋቋመ። በጥር ወርም ኮርፖሬሽኑ የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ።

በወረቀት ላይ አሠራሩ የተሟላ ይመስል ነበር፤ አገልግሎት ሰጪው በአንድ ወገን፣ ተቆጣጣሪው በሌላ ወገን ቆሟል። ነገር ግን የሁለቱም ጌታ አንድ መንግሥት ነበር፤ ሌላ ሰው ገብቶ ኢንተርኔት እንዲያከፋፍልም አልተፈቀደም። ከዚህ የበለጠው ችግር ግን በአሠራሩ ውስጥ ነበር። የዚያ ዘመን ኢንተርኔት በሞደም የሚደወል ስለ ሆነ የሚደርሰው የመዳብ መስመር ካለበት ቤት ብቻ ነው። ከመቶ ሰው ለአንዱ እንኳ ስልክ ባልደረሰበት አገር ኢንተርኔት ሊያልፍ የሚችለው ከመቶ አንድ በታች ለሆነው ነው። በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍም በሕግ የተከለከለ ስለ ነበር፣ በኢንተርኔት ካፌ ተቀምጦ ከውጭ አገር ዘመዱ ጋር በርካሽ ለመነጋገር የፈለገ ሰው ባለቤቱን ለቅጣት ያጋልጥ ነበር።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር መጠኑ ለ60,000 ደንበኞች ነበር። በዚያው ሰሞን ጐረቤታችን ኬንያ የቀድሞውን ድርጅት ከፋፍላ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ በማቋቋም ለሁለት የሞባይል ኩባንያዎች በሯን ከፈተች። በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ በኬንያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ በእኛ አገር ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሶቻችን ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው መዘግየት የመጣው ከአሠራሩ ነው።

ቢሆንም ለእውነት ስንል ሌላውን ወገን መመልከት ይገባናል። አንድ ድርጅት ብቻ በነበረበት ዘመን መስመሩ አልሰፋም ማለት ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆኖ ሲቋቋም አስተዳደሩ ለሁለት ዓመት ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድ.ቲ.ኢ. ጋር በድምሩ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል ተደረገ። በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ ሞባይል አዲስ አበባ ገባ። በብዙ ወረዳዎች ማማ የተተከለው በዚህ ገንዘብ ነው። ብድሩ ማማውን ተከለ፤ ዋጋውንና የአገልግሎቱን ጥራት ግን አላስተካከለም፤ ደንበኛው የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረውምና።

ሦስተኛው ማሻሻያ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በወቅቱ ገዢ የነበረው ፓርቲ የኢትዮ ቴሌኮምን ድርሻ በከፊል ለባለሀብት ለማስተላለፍ ወሰነ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ድርጅቱ የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ በ43 ከመቶ፣ የሞባይል ድምፅን በ40 ከመቶ ቀነሰ። ያን ጊዜ ገና ተቆጣጣሪው አዋጅ አልወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የሳፋሪኮም፣ የቮዳኮምና የአጋሮቻቸው ኅብረት ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ያገኘው በግንቦት 2013፣ በድሬዳዋ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2014፣ በአዲስ አበባ የተመረቀውም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዋጋው የወደቀው ተወዳዳሪው ከመምጣቱ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ሽቦውም ማማውም ያው የቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው ለደንበኛው ተጠያቂ የመሆን ስሜት ነው። የዋጋው ውድነት ሁሉ ከመሣሪያ ወጪ የመጣ እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የባለቤትነቱ ነገር ግን ገና አላለቀም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከኢትዮ ቴሌኮም አሥር ከመቶው፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ሲቀርብ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ሕዝቡ አገልግሎቱን በየቀኑ ይገለገልበታል፤ የድርጅቱ ባለቤት ለመሆን ግን ገና በጥንቃቄ እያየ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ለቡ መብራት ኃይል እንመለስ። የዛሬው ሞባይል በእርግጥ የአባቶቻችን «ንፋስ ስልክ» ነው፤ ነገር ግን ንፋሱ ያለ መብራት አይነፍስም። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪ ይቆያል፤ ባትሪው ሲያልቅና ጄኔሬተር ከሌለ ኔትወርኩ አብሮ ይጠፋል። በከተማ ይህ የአንድ ምሽት ችግር ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ግን ማማው በናፍጣ ወይም በፀሐይ ኃይል መኖር አለበት፤ የናፍጣውና የማጓጓዣው ወጪም በመጨረሻ በደንበኛው ላይ ይወድቃል። በሌላው ወገን ሁለቱ ሙያዎች ተረዳድተው ያውቃሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮቹ ላይ የተዘረጋውን ፋይበር ለቴሌኮም ድርጅቶች ያከራያል። ለመብራት የቆመ ምሰሶ ኢንተርኔትም ሲሸከም አገር ሁለት ጊዜ ከመቆፈር ይድናል። እንዲህ ያለው አሠራር ተስፋፍቶ መብራት ሲገባ ፋይበርም አብሮ ቢገባ፣ የመጨረሻው ርቀት ባነሰ ወጪ ያጥራል።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በሞባይል የሚላከው አጭር ጽሑፍ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ትግራይ ከስልክም ከኢንተርኔትም ተለይታ ኖረች፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ይህ የመጨረሻው የሆነው ሁለተኛ ኩባንያ ከገባ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ውድድር ዋጋን ያወርዳል፤ መስመሩ ሳይቋረጥ የመቆየቱን ዋስትና ግን ብቻውን አይሰጥም። በስልክ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ፣ የልጁን ደኅንነት የሚጠይቅ ወላጅ፣ መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም፣ ሁሉም መስመራቸው ከተዘጋ ከሐረሩ ሽቦ ዘመን ገበሬ የሚለዩት በእጃቸው ባለው ቀፎ ብቻ ነው።

የማኅበራችን አባላት ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል። ሪፖርቶቻችን የማማውን ብዛትና የደንበኛውን ቁጥር ይዘረዝራሉ። ከእንግዲህ ግን በአንድ ቀበሌ ውስጥ አገልግሎቱ በወር ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ለምን እንደ ተቋረጠ፣ አንድ ጊጋባይት የአንድ የቀን ሠራተኛን የስንት ቀን ደመወዝ እንደሚወስድ አብረን መጻፍ ይገባናል። መብራቱንና ስልኩን በየክፍላችን ለይተን ማጥናታችንን ትተን በአንድ ዕቅድ ብንመለከታቸው፣ ለአንድ የለቡ ነዋሪ አድራሻ የሆኑት ሁለት ስሞች ለሩቁ ገጠርም ይደርሱታል። የሐረሩን ሽቦ የዘረጉት ሰዎች 477 ኪሎ ሜትር በእግርና በበቅሎ ተጉዘው ጨርሰዋል። ለእኛ የቀረልን ከማማው እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለው አጭሩ መንገድ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እርሱ ሆኖ ተገኝቷል።